የአክሊሉ ለማ መምህራን እነማን ነበሩ?

ከየካ ተራራና ከእንጦጦ ተዳፋት የተለቀመ ተክል የሚመረምሩ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሲያስረክቡ፣ የምስጋናው ገጽ ለአማካሪው ነው፤ አንዳንዴም የአማካሪው አማካሪ ይነሳል። በባዮኬሚስትሪ ይህ የቆየ ልማድ ነው። ፍሪድሪክ ሚሸር እ.ኤ.አ. በ1869 ኒዩክሊንን የለየው በቱቢንገን፣ በሆፐ ሳይለር ቤተ ሙከራ ነበር። የዚያው መምህር ተማሪ አልብሬክት ኮሰልም በኒዩክሊክ አሲድ ጥናቱ በ1910 ለኖቤል ሽልማት በቃ። ሐረጉ እንዲህ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየወረደ ይቆጠራል። እኔ ግን ይህ አቆጣጠር ጎዶሎ ነው እላለሁ፤ ከአገራችንም የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ጉድለቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

አክሊሉ ለማ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ትል ደግሞ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በ1966 ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ፓርክኸርስት ከእንዶድ የለየው ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ውህድ) ለማቶክሲን ተባለ። የእንዶድን ዝርያዎች መርጠው ያላመዱት ለገሰ ወልደ ዮሐንስም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አብረዋቸው ተቀብለዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አጣቢዎቹ የሚነሱት እንደ አጋጣሚ ብቻ ነው።

የተክሉ ኬሚስትሪ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ1980ዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ በሎዛን የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የእንዶድ ፍሬ በሜታኖል ሲወጣ የሚገኘው ሳፖኒን በሁለት ወገን ስኳር የተሸከመ ነው፤ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ ግን የራሱ ኢንዛይሞች ይለቀቁና አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጣሉ፤ ገዳዩ ሳፖኒን የሚገኘው ያኔ ነው። ወቅጦ በውሃ መዘፍዘፍ ደግሞ የአጣቢዎቹ ዘዴ ነው። በሠለጠነ ቤተ ሙከራ ሜታኖል ይዞ የጀመረ ኬሚስት “ፋይዳ የለውም” ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችል ነበር። ወንዝ ዳር ያለው እጅ ግን ለዘመናት ኢንዛይሙን ሲያሠራ ኖሯል።

አጣቢዎቹ የፈለጉት ልብስ ማንጻት እንጂ ቀንድ አውጣ መግደል አልነበረም፤ ታዲያ በምን መምህር ይባላሉ? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የሞተውን ቀንድ አውጣ ከበሽታው ጋር ያገናኘው የአክሊሉ ትምህርት ነው፤ ያለዚያ ትምህርት የታየው ነገር ትርጉም ባላገኘ ነበር። ነገር ግን ሆፐ ሳይለርም ለሚሸር የሰጠው የአሠራር ዘዴ እንጂ የኒዩክሊንን መልስ አይደለም። ዘዴ ማውረስ ፕሮፌሰሩን መምህር ካሰኘ፣ እንዶድ ወቃጯን ይህን ስም የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ያገዘ ሁሉ መምህር ከተባለ ሐረጉ ማለቂያ የለውም። ለዚህ መለኪያ አለ፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ያስተማሩት ቢወጣ ግኝቱ ይቆማል ወይ? ፍሬውን ላመጣው ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ አይቆምም ነው፤ ሌላ ያመጣዋልና። ለአዘገጃጀቱ ባለቤት ግን ይቆማል።

ስለዚህ ከየካና ከእንጦጦ በሚመጡ ጥናቶች ላይ የምጠይቀው ከምስጋና የጠነከረ ነገር ነው። በአብዛኞቹ ላይ የባህሉ አዘገጃጀት በመግቢያው አንድ ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ የዘዴው ክፍል ላይ ሲደረስ ግን ወዲያው ኤታኖልና ሜታኖል ይመጣል። ተክሉ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነው በሙቅ፣ ስንት ሰዓት ተዘፈዘፈ፣ ያሳየውስ ማን ነው? ይህ በዘዴው ክፍል፣ ፈቃደኛ ከሆኑም ከባለቤቶቹ ስም ጋር መጻፍ አለበት፤ የውሃው ዝግጅትም ከሜታኖሉ ጎን መፈተን አለበት። ያን ሳያደርግ ተክሉን ፋይዳ ቢስ የሚል ጽሑፍ የፈተነው ማሟሟቻውን እንጂ ተክሉን አይደለም።