ቅመም በፍስክና በጾም

በመካኒሳ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል በየዓመቱ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን ሁለት ጊዜ በድምቀት ይከበራል። ገድላቸው የእናት ጡት ስንኳ እንዳልቀመሱ በሚተርክላቸው ጻድቅ ስም ያን ያህል ድስት መጣዱ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ የቅመምን ነገር ማወቅ ለሚሻ ሰው ከእነዚህ ሁለት በዓላት የዝክር ወጥ የተሻለ መምህር አይገኝም፤ የጥቅምቱ፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለና ባለዝክሯ በፈቃዷ ጾመ ጽጌን ካልያዘች፣ በቅቤ ይሠራል፤ የመጋቢቱ ግን፣ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባልና፣ ዘወትር በጾም ውስጥ ስለሚውል በዘይት ይሠራል።

የቅመም መዓዛ የሚመነጨው በውስጡ ካለው በናኝ ቅባት ነው፤ ይህም በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ ከቅቤና ከዘይት ጋር ግን ወዲያው ይዋሐዳል። እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ይህን ባሕርይ ስላወቁት፣ ለጋውን ቅቤ በለዘብተኛ እሳት ጥደው ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ አብሹንና እርዱን ይጨምሩበትና አረፋው እስኪጠፋ፣ ውሃውም ተንኖ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ዝቃጩ ተጠልሎ የሚቀረው ንጥር ቅቤ ውሃና አሬራ ስለተለየው ሳይበላሽ ይቆያል፣ መዓዛውንም ይዞ ይሰነብታል። እንግዲህ የፍስኩ ወጥ ሠሪ አንድ ጭልፋ ቅቤ ስትጨምር ስድስቱንም ቅመም አብራ ጨመረች ማለት ነው።

የጾሙ ድስት ይህ ረዳት የለውም። የኑጉም ሆነ የሱፉ ዘይት መዓዛ የመቀበል ችሎታ ባይጎድለውም አስቀድሞ የተቀበለው የለምና፣ ሸክሙ ሁሉ በበርበሬውና በመከለሻው ላይ ይወድቃል። በርበሬው ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተወቅጦ፣ ታፍኖ ካደረ በኋላ ዳግመኛ ይሰጣና ከታመሰው ደረቅ ቅመም ጋር ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ክብሩን ሁሉ የወሰደው ይህ በርበሬ፣ ኮሎምቦስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1492 ከደረሰበት ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው፤ የዝንጅብልና የእርድ ዘመድ የሆነው ኮረሪማ ግን የከፋና የጋሞ ጎፋ ጫካ ተወላጅ ሳለ፣ በገበታችን ላይ ስሙን የሚጠራው ጥቂት ነው፤ ይህን ፍርድ ትክክል አልለውም።

መከለሻ የሚባለው ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ጥቁር አዝሙድና የመሳሰሉት ታምሰው የሚደቅቁበት ሲሆን፣ የሚነሰነሰውም ወጡ ሊወጣ ሲል ነው። ሽንኩርቱና በርበሬው ረጅም ጊዜ መቁላላት ይፈልጋሉ፤ መከለሻው ግን ከእነርሱ ጋር ከገባ በናኙ ቅባት ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣና መዓዛውን ጎረቤት ያሸተዋል እንጂ በላተኛው አያገኘውም። ተፈጭቶ ወራት ያስቆጠረ መከለሻም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም፤ ስለዚህ ኮረሪማን ከነቅርፊቱ ገዝቶ፣ ለሚሠራው ወጥ የሚበቃውን ብቻ ፈልፍሎ መውቀጥ ድካሙን የሚክስ ነው።

በግቢ ጥግ የሚበቅለው እርጥብ ጤና አዳም የፍስክ ቀን ከአይብ ጋር ይቀርባል፤ በመጋቢቱ ዝክር አይብ ስለማይኖር ድርሻው ከወጡ በኋላ በሚመጣው ቡና ላይ ብቻ ነው፤ በሲኒ አንዲት ቀንበጥ ትበቃለች፣ ከዚያ ካለፈ ቡናው ይመራል።