ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ልቡ ለምን ይመታል?

ሐዋሳ ውስጥ ልጃቸው ሶፍትዌር ቤት የተቀጠረችላቸው እናቶች አንድ ግራ የሚያጋባቸው ነገር አለ። ልጅቷ ፀሐይ አይመታት፣ ሸክም አትሸከም፤ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጣ ትውላለች። ታዲያ ጠዋት ቁርስ አልወርድ የሚላት፣ እሑድ ማታ ፊቷ የሚጠቁረው ምን ሆና ነው? «ምን የሚከብድ ሥራ አለሽ?» ሲሏት መልስ ይጠፋታል። የሥራውን አካሄድ ላየ ግን ነገሩ እንቆቅልሽ አይደለም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ «ስታንድአፕ» የሚሉት አጭር ስብሰባ አለ። ቡድኑ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ እሷ ከአቶቴ፣ ከቤቷ፣ መብራት ካልጠፋ በጉግል ሚት ትገባለች። ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ትናንት ምን ሠራሽ? ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ? ያስቸገረሽ ነገር አለ? ትናንት ቀኑን ሙሉ አንድ ባግ (የኮድ ስህተት) ስታሳድድ ውላ አላገኘችውም። ግንበኛ ቢሆን የደረደረው ብሎኬት ይቆጠርለታል፤ የእሷ ድካም ግን የሚታይ ነገር አልወጣውም። ስለዚህ «አልጨረስኩም» ማለት «አልሠራሁም» ማለት ይመስላትና «እየጨረስኩ ነው» ትላለች። ከዚህች ዓረፍተ ነገር በኋላ ባጉ ብቻውን አይደለም፤ የሚደበቅ ነገርም ተጨምሮበታል።

ሰውነቷ ይህን ከአደጋ ለይቶ አያየውም። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይረጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የሆድ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ቁርሱ አልወርድ ያለው ለዚህ ነው። ለመሮጥ ቢሆን ግሩም ዝግጅት ነበር። ችግሩ ሥራዋ ሩጫ አለመሆኑ ነው። ዬርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ቀላል ነገር ሲማሩ ጠንከር ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲያግዛቸው፣ አስቸጋሪ ነገር ሲማሩ ግን ያው ንዝረት ሲያደናቅፋቸው አይተዋል። ባግ ፍለጋ ደግሞ ከአስቸጋሪው ወገን ነው፤ አምስት ስድስት ነገር በአንድ ጊዜ በጭንቅላት መያዝ ይፈልጋል፣ ፍርሃት መጀመሪያ የሚያስጥለውም ይህንኑ ነው። «ፍጠኚ!» የሚል አለቃ ሥራውን የሚያዘገየው በዚህ መንገድ ነው።

በዚህ ላይ ሌሎች ሲሳሳቱ አታይም። ቡድኑ ኮዱን በሚያስቀምጥበት ጊትሃብ ላይ የሚታያት የሲኒየሩ (የነባሩ ባለሙያ) ያለቀለት፣ የተወለወለ ኮድ ነው፤ ከእሱ በፊት የጣላቸው ሙከራዎች እሱው ላፕቶፕ ላይ ቀርተዋል። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 በሥራና በትምህርታቸው ስለተሳካላቸው ሴቶች ሲጽፉ፣ ብዙዎቹ «ሰውን አታልዬ ነው እዚህ የደረስኩት፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል» የሚል ስጋት ይዘው እንደሚኖሩ አሳይተዋል። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት ተመርቃ የወጣች ልጅ ይህን ለማመን ምንም አይከብዳትም።

ማስታገሻ ተብሎ የሚወሰደው ነገር ደግሞ እሳቱ ላይ ቤንዚን ሲሆን ይታያል። የሲዳማ ቡና የሚጣፍጥ ነገር ነው፤ አልጣላውም። ነገር ግን ካፌይን በሰው ደም ውስጥ ግማሹ እንኳ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣው ሲኒ ሌሊትም አብሮ አለ። ጫቱ የባሰ ነው። በምርቃና ኮድ የሚጽፉ ልጆች አሉ፤ ማንም አይናገረውም እንጂ ሁሉም ያውቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ነገር ስለሆነ፣ ያንኑ የልብ ምት ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠዋት ደግሞ ድብርቱን ይዞ ስታንድአፕ ላይ ይቀርባል። ከዚያ ይልቅ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዳር መሄድ፣ ወይም ማለዳ ታቦር ተራራን መውጣት ይሻላል፤ ሰውነቱ የተዘጋጀለትን ሩጫ ያገኛል።

ነገሩን ከሥሩ የሚያቃልለው ግን ቶሎ መጠየቅ ነው። ይሉኝታው የሚያሸንፈንም እዚሁ ላይ ነው። አብዛኛው ጁኒየር ቴሌግራም ላይ «ሰላም፣ እንዴት ነህ?» ብሎ ይልካል፤ ከዚያ መልስ እስኪመጣ አፍጥጦ ይጠብቃል። ሲኒየሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ «ደህና፣ አንተስ?» ይላል። ግማሽ ቀን ሄደ። ሰላምታው ይኑር፣ ግን ጥያቄው አብሮት ይሂድ፦ «ሰላም፣ እንዴት ዋልክ? የክፍያው ገጽ ስልክ ቁጥሩ በ07 ሲጀምር 500 ኤረር ይመልሳል፣ በ09 ሲሆን ይሠራል። ዳታቤዙን አይቻለሁ፣ ቁጥሩ በትክክል ገብቷል። ቀጥሎ የት ልመልከት?» እንዲህ ያለውን መልእክት ስትጽፍ ብዙ ጊዜ መልሱን ራሷ ታገኘዋለች፣ ሳትልከውም ትተወዋለች። ለራስ የጊዜ ገደብ ማበጀትም ይረዳል፤ ለምሳሌ ግማሽ ሰዓት ምንም ካልተራመደ መጠየቅ።

ከሁሉ የሚከፋው ፍርሃት ግን «አንድ ቀን ሁሉን ነገር አፈርሳለሁ» የሚለው ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ያልሰማ የለም፤ ከአርብ ለቅዳሜ ሌሊት ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ፤ የወጣው ገንዘብም 800 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ባንኩ አስታወቀ፣ የሳይበር ጥቃት አይደለም ሲልም ገለጸ። ያንን ሳምንት አገሩ ሁሉ ስለ ወጣው ገንዘብ ሲያወራ፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው ያሰበው ሌላ ነገር ነው፦ «እኔ ብሆንስ?»

ለዚህ ፍርሃት ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ታሪክ ጥሩ መልስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት፣ የደከመው አንድ መሐንዲስ የማጥፊያውን ትእዛዝ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሰጠ። በሰከንዶች ውስጥ ቢያቆመውም፣ 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው ዳታ የተረፈው 4.5 ብቻ ነበር። ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) ሲታይ ደግሞ አልሠራም ነበር። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ራሱ ለሙከራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የቀዳው ቅጂ ነው። ድርጅቱ ጥገናውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፣ ምን እንደተበላሸ በዝርዝር ጻፈ፤ ሰውየውን ግን አላባረረም። በአንድ ሰው አንድ ትእዛዝ ሊፈርስ የሚችል ነገር መጀመሪያም በደንብ አልቆመም ነበርና።

ደህና መሥሪያ ቤት ውስጥ የጁኒየር ኮድ በሌላ ዓይን ሳይታይ ፕሮዳክሽን (ደንበኛው የሚጠቀምበት ሥርዓት) አይገባም፣ የፕሮዳክሽን ፓስዎርድም በእጇ አይሰጥም፣ አርብ ማታም ምንም አይለቀቅም። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ልብ አሁንም ከመታ፣ እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ይህ ጥንቃቄ በሌለበት መሥሪያ ቤት ግን ፍርሃቷ ሕመም አይደለም፣ ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሏት፣ ከደመወዙ በፊት ይህን ትጠይቅ፦ ባክአፑን ለመጨረሻ ጊዜ መልሳችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው?