በሣጥን የተቀመጠው የአባቶች ሜዳይ



ከትንሣኤ በዓል ብዙም የማይርቅ ሌላ ታላቅ ዕለት አለን፤ ሚያዝያ 27። በ1928 ዓ.ም. በዚህ ቀን የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ። ዕለቱ በአራት ኪሎ አደባባይ ሲከበር ጎፈር የደፉ፣ ደረታቸው በሜዳይ የተሸፈነ አባቶችና እናቶች ተሰልፈው ስናይ ኖረናል። ዛሬ ቁጥራቸው እጅግ ተመናምኗል። ሜዳዮቻቸው ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። በዛሬው የበዓል ገጻችን ስለ እነዚህ ሜዳዮች ጥቂት ልንል ወደድን።

ጀግናን መሸለም በአገራችን ከሜዳይ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ለምድና ጎፈር፣ በብር ያጌጠ ጋሻ፣ የወርቅ ሰይፍ፣ በቅሎ ከነሙሉ ዕቃዋ፣ እነዚህ ሁሉ የጀግና ሽልማቶች ነበሩ። ጀብዱ የሠራው ሰው በንጉሡ ፊት ቀርቦ ይፎክር ነበር። የዋለበትን ሜዳ፣ የጣለውን ጠላት በስም እየጠራ ሲናገር አብረውት የዋሉት ጓዶቹ ይሰሙታል። ያላደረገውን ቢናገር የሚያሳፍረው ምስክር በዙሪያው አለ ማለት ነው። ስለዚህም ሽልማቱና ታሪኩ አይነጣጠሉም ነበር።

ኒሻንና ሜዳይ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ስማቸውም መጥተው የተጨመሩ መሆናቸውን ይመሰክራል፤ ኒሻን ከፋርስና ከቱርክ፣ ሜዳይ ከፈረንሳይ የተወረሱ ቃላት ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻንን መሠረቱ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የንግሥተ ሳባና የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻኖች ተጨመሩ። በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ የሥላሴ ኒሻን ተቋቋመ። ኒሻኖቹ በየደረጃው ይሰጡ ስለነበር፣ «ኒሻን ከነኮርዶኑ ተሸለመ» ሲባል ከፍተኛውን ደረጃ አገኘ ማለት ነበር።

ከድል በኋላ ለአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የአርበኝነት ሜዳይ ተዘጋጀ። በጥብጣቡ ላይ የሚሰካው ዘንባባ ባለሜዳዩ በዱር በገደል ያሳለፋቸውን ዓመታት ይቆጥራል፤ አምስት ዘንባባ ያለው ሰው አምስቱንም ዓመት በትግል የቆየ ነው። በሆሳዕና በጣታችንና በራሳችን ላይ የምናስረው ዘንባባ የድል ምልክት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ያም የድል ምልክት ነው። አገር ለቀው ለተሰደዱትም የስደት ሜዳይ ተሰጠ። ሁለቱ ሜዳዮች በአንድ አደባባይ ሲታዩ ግን በዘመኑ ብዙ ቅሬታ ተሰማ። በበረሃ የከረመው አርበኛ፣ ከስደት የተመለሰው ሹመት ሲቀድመው አዘነ። በጎጃም ጠላትን መግቢያ መውጫ ያሳጡት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መሞታቸው የዚያ ዘመን መራራ ትዝታ ነው። ሜዳይ ፍትሕን እንደማይተካ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ሜዳይ ያልደረሰውም ክብር አለ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት በጥይት ሲደበደቡ በደረታቸው ላይ የነበረው መስቀል እንጂ ኒሻን አልነበረም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ለአርበኞች ስንቅና መሣሪያ አፍስሰው እስከ ኢጣልያ ድረስ ተወስደው ታስረዋል። ስንቅ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ የደበቁ፣ መልእክት ያሻገሩ ስንት እናቶች ግን ስማቸው በመዝገብ ሳይሰፍር አልፈዋል።

ከድሉ ወዲህም አገር ያከበረቻቸው አሉ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን መሥዋዕት አድርገው ተሸላሚ ሆነው ተመልሰዋል። የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የክብር ኮከብ ኒሻን፣ ከቶኪዮ ድሉ በኋላም የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ተሸልሟል። ጥይት ሳይተኮስ አገርን ማስከበር እንደሚቻል ያሳየ ወታደር ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር እነዚያ ኒሻኖች የመንግሥት ሽልማት መሆናቸው ቀረ። ተከታዩ መንግሥት የራሱን ሜዳዮች ቀረጸ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ተማርከው 11 ዓመት ያህል በእስር የቆዩት አብራሪ ለገሠ ተፈራ በ1980 ዓ.ም. ሲመለሱ የዘመኑን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸለሙ። በ1983 ዓ.ም. ያም ሥርዓት አለፈ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሜዳዩ ቅርጽና ጽሑፍ ይለወጣል፤ በረሃ ላይ የፈሰሰው ደም ግን አይለወጥም። የአያትን ሜዳይ በሰጠው መንግሥት ምክንያት ማፈር ወይም መደበቅ ስለዚህ ተገቢ አይመስለንም።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ሜዳይ ዝም ያለ ዕቃ ነው። ማን እንደ ተሸለመው፣ በየትኛው ሜዳ፣ ስለ ምን እንደ ሆነ ራሱ አይናገርም። የሚያውቁት አዛውንት ባለፉ ቁጥር በሣጥኑ ውስጥ የሚቀረው ብረትና ጥብጣብ ብቻ ነው። ታሪኩ የጠፋበት ሜዳይ ደግሞ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ለመሸጥ ቅርብ ነው። የጥንቱ ፎካሪ ምስክር ነበረው፤ የዛሬው ሜዳይ ምስክሩ ቤተሰቡ ነው።

በዓል ዘመድ የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ጾሙ ተፈትቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አያቶችና የልጅ ልጆች በአንድ ቤት ሲቀመጡ ያ ሣጥን ይከፈት። ሜዳዩን በልጆች እጅ እናስቀምጥ፤ «ይህ የማን ነው? ስለ ምን ተሰጠ?» ብለውም ይጠይቁ። የተሰማውን አንድ ልጅ በወረቀት ይጻፈው፤ የባለሜዳዩን ስም፣ የዋለበትን ቦታና ዓመት ያስፍር፤ ወረቀቱም ከሜዳዩ ጋር ይቀመጥ። ሜዳይ የሌለው ቤትም ስንቅ ያቀበለችውን አያት ስም ይጻፍ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን፤ የሚውለው ግን የሚጠራው ሲኖር ነው።

መልካም በዓል!