የባለሱቁ መዝገብ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በዩናይትድ ስቴትስ መካከለኛ ክፍል በአንዲት ታናሽ ከተማ ዋና ጎዳና ላይ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ እግሩን መጠበቅ ነበረበት። መንገዱ ድንጋይ ያልተነጠፈበት አፈር ስለ ነበር፥ በደረቅ ወራት አቧራው ዓይን ይሞላል፤ ዝናም በዘነመ ጊዜ ጭቃው የሠረገላ መንኰራኵር ይይዛል። የፈረሶቹ ፋንድያም ይጨመርበታል። ስለዚህ እግረኛው በሱቆቹ ደጅ በተዘረጋው የሳንቃ መተላለፊያ ላይ ይሄድ ነበር። ሱቆቹም ፊት ለፊት ሲታዩ ባለፎቅ ይመስላሉ እንጂ፥ ብዙዎቹ ከኋላ ሲታዩ ዝቅተኛ የእንጨት ቤት ብቻ ነበሩ። ከፍ ብሎ የቆመው ሳንቃ ለታይታና ለስም መጻፊያ የተሠራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ግን ሁሉም ዕቃ የሚገኝበት ሱቅ ነው። ሚስማር፥ ስኳርና ደረቅ ብስኩት በበርሜል፥ ጨርቅ በጣቃ፥ እንዲሁም ላምባና የእርሻ መሣሪያ በአንድ ጣራ ሥር ይሸጡ ነበር። የገበሬ ሚስት ቅቤና ዕንቍላል አምጥታ በጨርቅና በቡና ትለውጣለች። ፖስታ ቤቱም ብዙ ጊዜ በዚያው ሱቅ ማዕዘን ስለ ነበር፥ ደብዳቤ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ ስለ እህል ዋጋና ስለ ምርጫ ሲከራከር ይቆያል።

ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው በመከር ጊዜ ስለ ሆነ፥ የቀረውን ወራት በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁም በመዝገቡ ይጽፋል። ዋጋው ብዙ ጊዜ በግልጽ አይታወቅም። ብዙ ነጋዴዎች ፊደሎቹ የማይደጋገሙ አንድ ባለ10 ፊደል ቃል መርጠው፥ ዕቃውን የገዙበትን ዋጋ በቁጥር ፈንታ በእነዚያ ፊደሎች ይጽፉ ነበር። ምሥጢሩን የሚያውቁት ባለሱቁና ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው። ደፋሩ ገዢ ይከራከራል፤ ዓይነ አፋሩ የተጠየቀውን ይከፍላል። በደቡብ ክፍል ይህ ሥልጣን ይበልጥ ይከብድ ነበር። ጥቁሮች ነጮቹ እስኪስተናገዱ ቆመው እንዲጠብቁ ይደረጉ ነበር፤ ለዱቤውም ገና ያልታጨደው መከራቸው መያዣ ይሆን ነበር።

በ1879 ፍራንክ ዉልዎርዝ በላንካስተር ከተማ ዕቃውን ሁሉ በ5 ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ፤ በዚያ ክርክር አልነበረም። ነገር ግን ለዋና ጎዳናው ነጋዴ የከፋው ተወዳዳሪ በፖስታ የመጣው ነው። አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ በ1872 በቺካጎ 163 ዕቃዎች የተዘረዘሩበት አንድ ወረቀት አሳተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወረቀቱ ወፍራም መጽሐፍ ሆነ፤ የሲርስና ሮበክም ተከተለው። በመጽሐፉ ላይ ዋጋው ለሁሉ በግልጽ ታትሟል፤ የገዢው መልክ አይታይም፤ ተራ የሚያስጠብቅም የለም። በ1896 መንግሥት ደብዳቤ እስከ ገበሬው ደጅ ማድረስ ሲጀምር፥ ለማዘዝ በባለሱቁ ፊት መቆም ቀረ።

ነጋዴዎቹ እጅግ ተቈጡ። በአንዳንድ ከተሞች እነዚህን መጻሕፍት ሰብስበው በአደባባይ አቃጠሉ፤ ጥቅል ዕቃ በመንግሥት ፖስታ እንዳይላክም ብዙ ተሟገቱ፤ ይሁን እንጂ በ1913 ተጀመረ። ቅሬታቸው ግን ፍጹም ከንቱ ነው አንልም። የቺካጎው ቤት በቅድሚያ ገንዘብ ይፈልግ ነበር፤ አንበጣ ወይም ድርቅ እህሉን ባጠፋበት ዓመት ገበሬው ዱቄትና ጨው በዱቤ የሚለምነው ያንኑ መዝገብ የያዘውን ባለሱቅ ነበር።