ብርድ፣ ናፍታና የሾፌሩ ሌሊት

«ክረምት» ስንል በእኛ ዘንድ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ነው። በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የረጅም ርቀት ከባድ መኪና ለሚያሽከረክር ሰው ግን ክረምት ማለት ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊወርድ የሚችልበት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ወቅት ነው። በዚያ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን በርካቶቹ በዚሁ ሥራ ስለተሰማሩ ጉዳዩ ከአንባቢያችን ቤት የራቀ አይደለም። በረዶ ስለሸፈነው መንገድ አደጋ ብዙ ይነገራል፤ መኪናው ከቆመ በኋላ ስላለው ሌሊት ግን እምብዛም አይወራም።

የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የጭነት መኪና ሾፌር በተከታታይ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት እንዲያሽከረክር ይፈቅድለታል። ከቤቱ የራቀ ሾፌር ዕረፍቱን የሚያሳልፈው ከወንበሩ ጀርባ በተዘረጋች ጠባብ አልጋ ላይ፣ በዚያችው ጋቢና ውስጥ ነው። ጋቢናዋ ስስ ግድግዳና ሰፊ መስታወት ስላላት ሙቀት ለመያዝ አትመችም።

እስቲ ሂሳቡን እናስላው። በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ጋቢናዋ 40 ዋት ያህል ታባክናለች ብለን እንገምት። በውጭ ከዜሮ በታች 27፣ በውስጥ ደግሞ 18 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 45 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ያለማቋረጥ 1800 ዋት መተካት ያስፈልጋል። የተኛ ሰው ገላ የሚያመነጨው ሙቀት 80 ዋት ገደማ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ሾፌሩ በራሱ ሙቀት ጋቢናዋን ከውጭው አየር ይልቅ በሁለት ዲግሪ ብቻ ያሞቃታል።

በ10 ሰዓት ውስጥ የሚያስፈልገው ጉልበት እንግዲህ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ ሊትር ናፍታ ሲቃጠል 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ከዚህም 80 በመቶውን ወደ ጋቢናዋ የሚያደርስ ትንሽ የናፍታ ማሞቂያ ሌሊቱን በሁለት ሊትር ከሩብ ይወጣዋል። ዋናውን ሞተር ሳያጠፉ ማደር ግን በሰዓት 3 ሊትር ያህል፣ እስከ ንጋት 30 ሊትር ይፈጃል። አብዛኛው ሙቀት በጭስ ማውጫውና በሞተሩ አካል በኩል ወደ ውጭ ይባክናል፤ አንድ ሲኒ ቡና ለማፍላት የድግስ ምድጃ እንደ መለኮስ ነው።

ታዲያ ሾፌሩ ሞተሩን ለምን አያጠፋም? ማሞቂያው ላይኖረው ወይም ተበላሽቶበት ሊሆን ይችላል። ያጠፋው ሞተር ደግሞ ጠዋት ላይነሣ ይችላል። የናፍታ ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ አያቀጣጥልም፤ አየሩ ሲታመቅ በሚያገኘው ሙቀት ነው የሚያቀጣጥለው። የቀዘቀዘው የሞተር ብረት ይህንኑ ሙቀት ይቀማዋል። ባትሪው ይደክማል፣ ዘይቱ ይወፍራል፤ በናፍታው ውስጥ ያለው ፓራፊን የተባለ ሰም መሰል ንጥረ ነገርም በደጋ ጠዋት እንደሚረጋ ቅቤ እየረጋ ማጣሪያውን ይደፍናል። በሌላ በኩል በርካታ ክፍለ ግዛቶች የቆመ መኪና ሞተር ለረጅም ጊዜ እንዳይሠራ ይከለክላሉ፤ በካሊፎርኒያ ገደቡ 5 ደቂቃ ነው። ደንቡ የአየር ብክለትን ለመቀነስ የወጣ ተገቢ ደንብ ነው። አንዳንዶቹ ክፍለ ግዛቶች በኃይለኛ ብርድ ጊዜ ቢያላሉትም፣ ማሞቂያ የሌለውን ሾፌር ከብርድና ከቅጣት አንዱን ያስመርጠዋል።

የጋዝ ምድጃ በጋቢና ውስጥ ለኩሶ መተኛት ከሁሉም የከፋ ነው። አየር በማይገባበት ቦታ የሚነድ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋርም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ብርዱ የሚያጠቃው ሾፌሩን ብቻ አይደለም። የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ውሃ ይሆናል፤ ማድረቂያው በሚገባ ካልሠራ ውሃው በቧንቧውና በቫልቩ ውስጥ በረዶ ይሠራል። ግፊት ሲጠፋ ደግሞ ጠንካራ ሞላ ፍሬኑን ገፍቶ ጎማውን እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል። ጥሩ የደኅንነት ዘዴ ነው፤ በበረዶ መካከል ግን መኪናውን ባለበት ይቸክለዋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በኢሊኖይ አውራ ጎዳና ላይ ይህን የመሰለ ነገር ደረሰ። ነዳጅ ሊያልቅበት ስለተቃረበ ዳር ይዞ የቆመ አንድ ሾፌር የተሳቢው ፍሬን በቅዝቃዜው ተያዘበት፤ የጋቢናው ማሞቂያም አልሠራ አለ። ለድርጅቱ ደውሎ ጠጋኝ እንዲጠብቅ ተነገረው። እየጠበቀ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ በስልክ ጥሪ ሲነቃ ገላው ደንዝዞ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ነበር። እነዚህ የሰውነት ሙቀት የመውረድ ምልክቶች ናቸው። እንደገና ሲደውል ወይ የተያዘውን ተሳቢ እየጎተተ እንዲሄድ፣ ወይም ባለበት እንዲቆይ ታዘዘ። ሾፌሩ ግን ተሳቢውን ፈትቶ በመኪናው ሄደ። ከሥራም ተባረረ።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሕግ ለደኅንነት ሲል ተሽከርካሪ አላንቀሳቅስም ያለ ሾፌር እንዳይባረር ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩን ያየው የይግባኝ ፍርድ ቤት በሁለት ድምፅ ለሾፌሩ ፈረደ። ሦስተኛው ዳኛ ኒል ጎርሰች ግን ሾፌሩ መኪናውን አንቀሳቀሰ እንጂ አላንቀሳቅስም አላለም ብለው በልዩነት ጻፉ። በቀጣዩ ዓመት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ታጭተው በሴኔት ፊት ሲቀርቡ፣ በሾፌሩ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር ተጠየቁ። ምን እንደሚያደርጉ እንደማያውቁ፣ ሰውየውን ግን እንደማይወቅሱት መለሱ።