ስድስት ጎማ ወይስ ዐሥር?

ደብረ ኤልያስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቅኔ ቤቱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እኔ ግን ቅኔውን ሳልቀምስ ጋራዥ የገባሁ ሰው ነኝና፣ አገሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጭቃው ነው። ጤፉንም ስንዴውንም የሚያበቅለው ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ውኃውን ጠጥቶ ያብጥና የረገጠውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ማዳበሪያ ገበሬው ደጅ መድረስ ያለበትም መሬቱ መርጠብ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። ልጅ ሆኜ በዚያ ጭቃ ውስጥ ሳይንገራገር ሲያልፍ ያየሁት መኪና የወታደሩ ኡራል ብቻ ነበር።

ባለፈው ክረምት እህል የሚነግድ አንድ ዘመዴ ስልኩን ይዞ መጣ። ቪዲዮው ላይ አሜሪካኖች ከሠራዊታቸው በጨረታ የወጣ አሮጌ ካሚዮን ገዝተው፣ የኋላውን ስምንት ጎማ አውልቀው በአራት ግዙፍ ጎማ ይተኩታል። መኪናው ከዐሥር ጎማ ወደ ስድስት ይወርዳል፤ ቁመቱ ግን ከፍ ይላል፣ ረግረጉንም እየሰነጠቀ ይወጣል።

«ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት አሮጌ የጦር መኪና ባገኝ እኛስ አንሠራውም?» አለኝ። «ቸርኬ እንደሆነ ሶማሌ ተራ አይጠፋም።»

«ቸርኬውማ አይጠፋም። አንተ ግን የምትቀይረው ቸርኬ ብቻ መስሎሃል» አልኩት። ለእሱ ያስረዳሁትን እዚህም ልድገመው፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለም።

ያየው ካሚዮን ኤም 35 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ የወጣ፣ ሦስቱም አክስሎቹ የሚጎትቱ፣ የሁለት ቶን ተኩል ጭነት መኪና ነው። አብሮት ኤም 34 የሚባል ወንድሙ ወጥቶ ነበር። ኤም 35 ዐሥር 9.00-20 ጎማ ሲኖረው፣ ኤም 34 ደግሞ ስድስት ትልልቅ 11.00-20 ጎማ ነበረው። ለጭቃ የሚሻለው ስድስቱ ነበር። ነገር ግን ትልልቆቹ ጎማዎች እንዳይነኩት የጭነቱ ወለል ከላያቸው ማበጥ ነበረበት፤ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነው ወንድሙ ለመጫን ስለሚመች እሱ በዛ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሮጌዎቹ ኤም 35ዎች ታድሰው ኤም 35 ኤ 3 ሲባሉ፣ የካተርፒላር ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ተገጥሞላቸው ወደ ስድስት ነጠላ ጎማ ተመለሱ። ቪዲዮው ላይ ያሉት ሰዎች እንግዲህ የፈለሰፉት አዲስ ነገር የለም፤ ሠራዊቱ ራሱ ያደረገውን በግቢያቸው ይደግሙታል።

ሩሲያዎቹ የነጠላ ጎማ ጥቅም ቀድሞ የገባቸው ተዋርደው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ዚስ 151 የሚባል ባለ ዐሥር ጎማ ካሚዮን ያመርቱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካ በዕርዳታ የመጣላቸውን ስቱድቤከር የለመዱት ነጂዎች አዲሱ የአገራቸው መኪና ከባድና ሰማጭ ሆነባቸው፤ «ካውያ» የሚል ስም አወጡለት። በ1958 የተካው ዚል 157 ሞተሩ ከቀድሞው እምብዛም አይበልጥም። ልዩነቱ እግሩ ላይ ነው፦ ስድስት ነጠላ ጎማ፣ አየሩም ከጋቢና የሚሞላና የሚቀነስ። ካውያው የቆመበትን ጭቃ እሱ አለፈው።

ለምን? የፊት ጎማ ጭቃውን ከፍሎ ቦይ ያወጣል። ኋላው ጥንድ ጎማ ከሆነ ቦዩ ይጠብበዋል፤ የቦዩን ግድግዳ እንደገና መቁረጥ አለበት። ሞተሩ ጉልበቱን የሚጨርሰው ሸክም በመጎተት ሳይሆን ሁለተኛ መንገድ በመቆፈር ይሆናል። ነጠላ ጎማ ሲሆንና የፊቱና የኋላው ስፋት እኩል ሲሆን፣ ኋላ ያሉት ሁለቱ አክስሎች የፊቱ የጠቀጠቀውን ዱካ ይረግጣሉ። «ትልቅ ጎማ» የሚለው ወሬ ይህን ይረሳዋል። ጎማው ትልቅ ሆኖ ዱካው ካልገጠመ ግማሹ ጥቅም የለም።

ሌላው በጥንዱ መሃል ያለው ክፍተት ነው። ዋልካው እዚያ ገብቶ እንደ ሊጥ ይጠቀጠቅና ሲደርቅ ሁለቱን ጎማ አንድ ያደርጋቸዋል። ያን በድጅኖ ስፈለቅቅ የዋልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ይሰነቀርና የሁለቱንም ጎማ ጎን እየበላ ይሄዳል። በመሃሉ ያለውን ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም፤ ረዳቱ ጎማውን በመዶሻ እየመታ በድምፁ አየሩን ይለያል እንጂ ድንጋዩን አይለይም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን አየሩ ነው። ጎማ ለስላሳ መሬትን የሚጫነው በውስጡ ባለው አየር ልክ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። አየሩ ሲቀነስ ጎማው ይተኛል፣ የሚረግጠው ቦታ ይረዝማል፣ ሸክሙ ይከፋፈላል። ኡራል 375 ላይ የተገጠመው 14.00-20 ጎማ አስፋልት ላይ ከሦስት ከባቢ አየር በላይ ይሞላል፤ ረግረግ ሲገጥመው ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ እስከ ግማሽ ከባቢ አየር ያወርደዋል። በተቀነሰ አየር መፍጠን አይቻልም፤ ጎማው በመተጣጠፍ ብዛት ይግልና ይቃጠላል። ደረቅ መሬት ሲወጣ ኮምፕሬሰሩ መልሶ ይሞላዋል። ሚስማር ቢወጋው እንኳ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ አየር እየሰጠ ወደ ሰፈሩ ይደርሳል።

ኡራል ወደ አገራችን በብዛት የመጣው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከሶቪየት መሣሪያ ጋር ነው። ቢኤም 21 የሚባለው ሮኬት ተኳሽ የተጫነው በዚሁ በኡራል 375 ጀርባ ላይ ነበር። ሰባት ሊትር የቤንዚን ሞተሩ 180 የፈረስ ጉልበት አለው። አጎቴ የኡራል ሹፌር ነበር፤ ስለ ጦርነቱ ብትጠይቁት ዝም ይላል፣ ስለ ቤንዚኑ ከጀመረ ግን አያቆምም። በኋላ የመጣው ኡራል 4320 በናፍጣ ስለሚሠራ ከዚህ ጣጣ ተገላግሏል።

እንግዲህ ወደ ዘመዴ ጥያቄ። ባለ ዐሥሩን ወደ ስድስት መለወጥ ይቻላል? ይቻላል። የሚከተለውን ግን ቁጠሩ።

9.00-20 ጎማ ቁመቱ 1 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በውጭ አገር ብዙዎች የሚተኩበት 395/85 አር 20 ደግሞ 1 ሜትር ከ18 ይጠጋል። ትንሹ አንድ ጊዜ ሲዞር 3.2 ሜትር ይሄድ የነበረው አሁን 3.7 ይሄዳል። የፍጥነት መለኪያው 60 ሲል እውነቱ 70 ሊሞላ ነው። ዲፈረንሻሉ ሳይነካ መኪናው ማርሽ የከበደበት ይሆናል፤ ጎማው ጋ የሚደርሰው ጉልበት ከመቶ 14 ያህል ይቀንሳል። ፍሬኑም እንዲሁ፤ ከበሮው ያው፣ ሸራው ያው፣ ማቆም ያለበት ጎማ ግን ረጅም ክንድ አብቅሏል። ዳገት ላይ ሪዶታ ታስገባለህ፣ ቁልቁለት ላይ ምን ታስገባለህ?

ቀጥሎ ቸርኬው የሚታሰርበት ሞዞ አለ። የጥንድ ጎማ ቸርኬ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሲታሰሩ ክብደቱ መሃል ላይ ያርፋል። አንዱን አንስተህ አንዱን ብቻ ብታስር ጎማው ወይ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ዱካው ከፊቱ ጋር አይገጥምም፣ ኩሽኔታውም ያልለመደውን ጫና ይሸከማል። አሜሪካኖቹ የኤም 35ን የኋላ ሞዞ ገልብጠው የሚያስሩት ለዚህ ነው። ቪዲዮው ይህን በሁለት ሰከንድ ያሳልፈዋል፤ ጋራዥ ውስጥ ዋናው ሥራ እሱ ነው። መሪውም አለ፦ ኃይል መሪ የሌለው አሮጌ ካሚዮን ላይ ሰፊ ጎማ ስትገጥም ከሹፌርህ ትከሻ ጋር ተወያይ። ሲታጠፍም ጎማው ባሌስትራውን ወይም ፓራፋንጎውን እንዳይነካ መለካት ነው።

ጎሚስታውንም አትርሱት። የእነዚህ ቸርኬዎች ብዙዎቹ ጎማውን የሚይዙት በብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ይወረወራል፤ የወረወረውን አይመርጥም። ልምድ ያለው ጎሚስታ መጀመሪያ ዝገቱን በብሩሽ ይፍቃል፣ ቀለበቱን በመዶሻ ዙሪያውን እየመታ ያስገባል፣ ጥቂት አየር ይሰጥና ቆሞ ዳር ዳሩን ያያል፣ ከዚያ ጎማውን የብረት ቀፎ ውስጥ አስገብቶ ወይም በሰንሰለት አስሮ፣ ቱቦውን አስረዝሞ ፈንጠር ብሎ ይሞላል። ቀለበቱ ላይ ቆሞ የሚሞላ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነውን እስኮርታ ከጭነት ላይ አውርዶ የሚያስረውን ረዳትም አስቡት።

ሸክሙስ? ጥንድ ጎማ የተፈጠረው ለሸክም ነው። ሁለት ጎማ ክብደቱን ይካፈላል፤ ለአስፋልቱም ይሻላል፤ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ቀስ ብሎ የሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። ነጠላው ከፈነዳ ነገሩ እዚያው አለቀ። ዘመዴ እህሉን የሚወስደው አዲስ አበባ ነው፤ ከደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ያ ገደል ቁልቁለቱ ብቻ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። ፍሬኑ የሰነፈ፣ እስኮርታው በገበያ የማይገኝ መኪና ይዞ እዚያ መውረድ ለእኔ እብደት ነው። 9.00-20 ደብረ ማርቆስም ይገኛል፤ ትልቁን ጎማ ፈልጎ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ስለዚህ የነገርኩት እንዲህ ነው፦ መኪናው ከአውድማ እስከ ዋናው መንገድ ብቻ የሚመላለስ፣ የሰመጠ የሚጎትት፣ የጉድጓድ መቆፈሪያ ወይም የመብራት ምሰሶ የሚያደርስ ከሆነ ስድስት ጎማ አድርገው፣ ጭነቱንም ቀንስ፤ ለውጡንም ቦሎ ከመውጣቱ በፊት ለመርማሪዎቹ አሳይ። ነግደህ የምታድርበት ከሆነ ዐሥሩን አትንካ፤ ለጭቃው የሚረዳህ ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማና ሰንሰለት ነው።

ትንሽ አሰበና፣ «ጋሼ፣ እንግዲያው የፊቶቹን ሁለቱን ብቻ ትልቅ ባደርጋቸውስ? ወጪው ይቀንሳል» አለኝ።

ይህማ ከሁሉም የከፋ ነው። ፊትና ኋላ አብሮ በሚጎትት መኪና ላይ የጎማው ቁመት ከተለያየ፣ ትልቁ በአንድ ዙር ከትንሹ የበለጠ መሄድ ይፈልጋል፤ ጉልበቱን የሚያካፍለው ሳጥን ደግሞ እኩል አዙሩ ይላቸዋል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ይውጠዋል። ደረቅ መንገድ ላይ ግን የሚንሸራተት ነገር ስለሌለ ዘንጉ እየተጠማዘዘ ይሄድና ከሳጥኑ ጥርስና ጎማውን ከሚያዞረው የአክስል ዘንግ፣ ከሴሚያሲው፣ ደካማው ይሰበራል። ኤም 35 ላይማ የፊቱ አክስል በብዙዎቹ መያዝ የሚጀምረው የኋላዎቹ ሲንሸራተቱ በራሱ ነው፤ ያ ስልት የቆመው ስድስቱም ቦታ አንድ ቁመት አለ በሚል ስሌት ላይ ነው።

«ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም» አልኩት። ስልኩን ኪሱ ከተተና የሰንሰለት ዋጋ ጠየቀኝ።