ምኒልክ በኒው ዮርክ መድረክ፦ የቆየ ሙዚቃዊ ኮሜዲ እንዴት ዳግም ይነሣል?

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ በክፍል ውስጥ ብዙ ተምረናል። ስለ አድዋ ድል፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ስልኩ፣ በስማቸው ስለ ተከፈተው ትምህርት ቤት እናውቃለን። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ በኒው ዮርክ ከተማ የአንድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ገጸ ባሕርይ እንደነበሩ ግን የሰማን ጥቂቶች ነን። የቲያትሩ ስም «አቢሲኒያ» ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በኒው ዮርክ የታየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1906፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ነበር። የአድዋ ድል አሥረኛ ዓመቱን የደፈነው ይህ ትርዒት ገና በመታየት ላይ ሳለ ነው።

ዛሬ የቲያትሩን ስም የሚያነሡት በአብዛኛው የታሪክ አጥኚዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ «አቢሲኒያ» ምን እንደነበር፣ እንዲህ ያለ የቆየ ሥራ እንዴት ወደ መድረክ እንደሚመለስና ይህ ሥራ እንደኛ ከአገር ውጭ ላለ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ለምን ሊታሰብበት እንደሚገባ እናያለን።

ሙዚቃዊ ኮሜዲ ምንድን ነው?

ሙዚቃዊ ኮሜዲ ንግግር፣ ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተያይዘው የሚቀርቡበት አስቂኝ ቲያትር ነው። በኦፔራ አብዛኛው ነገር በዜማ ይባላል። በሙዚቃዊ ኮሜዲ ግን ሰዎቹ እንደማንኛውም ሰው ይነጋገራሉ፤ ደስታው፣ ፍርሃቱ ወይም ፍቅሩ ሲበዛባቸው ወደ ዘፈን ይገባሉ። ሳቅና ዜማን ማጋባት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ በሰርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ እንግዳውን በአንድ ስንኝ አሞግሶ በሌላው ሲሸነቁጠው ወላጆቻችን ያውቁታል።

እነማን ሠሩት?

የ«አቢሲኒያ» ዋና ተዋንያን በርት ዊሊያምስና ጆርጅ ዎከር የሚባሉ ሁለት ጥቁር ኮሜዲያን ነበሩ። ዊሊያምስ የተወለደው በባሃማስ ደሴቶች፣ ዎከር ደግሞ በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት ነው። ሙዚቃውን ዊሊያምስ ራሱና ዊል ማሪዮን ኩክ ደረሱት። ኩክ በበርሊን ቫዮሊን ያጠና ሙዚቀኛ ነበር። ታሪኩንና ግጥሙን የጻፉት ጄሲ ሺፕና አሌክስ ሮጀርስ ናቸው። የዎከር ባለቤት አይዳ ኦቨርተን ዎከርም በዘመኑ ከታወቁት ተወዛዋዦች አንዷ ነበረች።

አፍሪካን በመድረክ የማቅረብ ሐሳብ እንዴት እንደመጣላቸው ዎከር በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ ተርኮታል። እ.ኤ.አ. በ1894 በሳን ፍራንሲስኮ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበረ። ለትርዒት ከዳሆሜ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቤኒን፣ ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች ዘገዩ። አዘጋጆቹም ጥቁር አሜሪካውያንን ቀጥረው «የዳሆሜ ሰዎች ነን» እያሉ እንዲታዩ አደረጉ። ዊሊያምስና ዎከርም ከተቀጠሩት መካከል ነበሩ። በኋላ እውነተኞቹ የዳሆሜ ሰዎች ሲደርሱ ሁለቱ ወጣቶች ሄደው በቅርብ አዩአቸው። የራሳችን ቲያትር ሲኖረን የአፍሪካን ሰው እናሳያለን ብለው የወሰኑት ያን ጊዜ ነው።

በ1903 «ኢን ዳሆሜ» የተባለውን ሙዚቃዊ ኮሜዲ አቀረቡ። በብሮድዌይ ትልቅ ቲያትር ቤት ጥቁሮች ጽፈው፣ ጥቁሮች ተጫውተው የታየ የመጀመሪያው ሙሉ ሙዚቃዊ ኮሜዲ እሱ ነው። ወደ ለንደንም ተሻግሮ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ታየ። ሁለተኛው የአፍሪካ ሥራቸው «አቢሲኒያ» ሆነ።

ለምን ኢትዮጵያ?

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ስም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ልዩ ቦታ ነበረው። ከ1808 ጀምሮ በኒው ዮርክ «አቢሲኒያን» የሚል ስም የያዘ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ነበር። የአድዋ ድል ደግሞ ያንን ስም የበለጠ ከፍ አደረገው። በ1903 መጨረሻ ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ መልእክተኛ በጅቡቲ አድርጎ፣ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በበቅሎ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባና ከምኒልክ ጋር የንግድ ስምምነት ተፈራረመ። ስለዚህ በ1906 «ምኒልክ» የሚለውን ስም በጋዜጣ ያነበበ አሜሪካዊ ተመልካች ጥቂት አልነበረም።

ታሪኩ

ራስተስ ጆንሰን የተባለ የካንሳስ ሰው ሎተሪ ይደርሰዋል። ገንዘቡን ይዞ ወዳጅ ዘመዶቹን ሰብስቦ የአባቶቻችንን ምድር እንይ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል። ሎተሪ የደረሰውን ጆንሰንን ዎከር፣ ባልንጀራውን ጄንኪንስን ደግሞ ዊሊያምስ ተጫውተውታል። ጄንኪንስ ከገበያ ዕቃ ሲያነሣ በስርቆት ይከሰስና ምኒልክ ፊት ይቀርባል። ቅጣቱ እጅ መቁረጥ ነው። ፍርዱ የሚታወቀው በደወል ምት ስለሆነ፣ ጄንኪንስ ምቱን እየቆጠረ በፍርሃት የሚርድበት ትዕይንት የቲያትሩ ትልቁ ሳቅ ነበር። በመጨረሻ ነፃ ይወጣል። «ኖባዲ» የተባለው የዊሊያምስ ታዋቂ ዘፈንም ከዚህ ትርዒት ጋር ስሙ ይነሣል፤ በዚያው በ1906 በሸክላ ተቀርጿል።

ትርዒቱ ትልቅ ወጪ የወጣበት ነበር። ግመሎችና የሚፈስ ፏፏቴ ሳይቀር መድረክ ላይ ታይተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአነጋገሩ ጉዳይ ነው። በዘመኑ የነጮች መድረክ አፍሪካዊ ሲቀርብ እንደ አረመኔና እንደ ሞኝ ተደርጎ ነበር። በ«አቢሲኒያ» ግን ኢትዮጵያውያኑ በተከበረ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ሕግና ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ሆነው ቀረቡ። የሚሳቀው በእንግዶቹ ግራ መጋባት ነው። በኒው ዮርክ ማጀስቲክ ቲያትር 31 ጊዜ ታይቶ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1906 ካበቃ በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞች ዞረ።

የቆየ ቲያትር ለምን ይጠፋል?

የዚያን ጊዜ ሙዚቃዊ ኮሜዲ እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ ተጠርዞ አይቀመጥም ነበር። ተመልካቹ ያልወደደው ዘፈን ሲወጣ፣ አዲስ ዘፈን ሲገባ ትርዒቱ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ለገበያ የሚታተሙት የተወደዱት ዘፈኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው እንዲመቹ ለፒያኖና ለድምፅ ብቻ ተዘጋጅተው ነው። የኦርኬስትራው ወረቀት በእጅ ተገልብጦ ከቡድኑ ጋር ይዞራል፤ ቡድኑ ሲበተን አብሮ ይጠፋል። ጆርጅ ዎከር በ1911፣ አይዳ በ1914፣ ዊሊያምስ በ1922 አረፉ። ትርዒቱን በቃላቸው የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ የቀረው በየቤተ መጻሕፍቱ የተበታተነ ወረቀት ነው።

እንዴት ይመለሳል?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ታላቅ ወንድሙ «ኢን ዳሆሜ» ነው። በ1996 ቶማስ ሪስ የተባለ የሙዚቃ ታሪክ ምሁር የተበታተኑትን ዘፈኖችና የተለያዩ የጽሑፍ ቅጂዎች ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ አሳተመ። በ1999 ደግሞ በኒው ዮርክ በሄንሪ ስትሪት ሴትልመንት፣ ማለትም በአንድ የሠፈር ማኅበረሰብ ተቋም፣ ሾኒል ፔሪ ታሪኩን እንደገና ጽፋ ቲያትሩ ዳግም ታየ። ከዚህ ሥራ አራት ደረጃዎችን መማር እንችላለን።

አንደኛ፣ ማሰባሰብ። የቲያትሩ ጽሑፍ፣ የታተሙ ዘፈኖች፣ የጋዜጣ ዘገባዎች፣ ፎቶግራፎችና የሸክላ ቅጂዎች አንድ ላይ ይመጣሉ። ቅጂዎቹ ሲለያዩ የትኛው በየትኛው ጊዜ እንደታየ ይመረመራል።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። በ1906 የታተሙ ዘፈኖች በአሜሪካ ሕግ የባለቤትነት ጊዜያቸው አልፏል፤ ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። አንድ የዛሬ ሙዚቀኛ አዲስ ያቀናበረው ወይም አንድ ጸሐፊ አዲስ የጻፈው ግን የእሱ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም።

ሦስተኛ፣ ማቀናበር። የኦርኬስትራው ወረቀት ከሌለ አቀናባሪው ከፒያኖው ወረቀት ተነሥቶ ባሉት መሣሪያዎች ልክ ይሠራዋል። አምስት ሙዚቀኛ ያለው ቲያትር ቤት ለአምስት፣ ሃያ ያለው ለሃያ ያዘጋጃል።

አራተኛ፣ መምረጥ። ከባዱ ይህ ነው። በየትኛው ቀልድ እንስቃለን? የትኛውን እንተወዋለን?

ሳቁ የማን ነው?

በርት ዊሊያምስ መድረክ ላይ የሚወጣው ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁሮ ነበር። ይህ ልማድ ነጭ ተዋንያን በጥቁሮች ለመሳለቅ ያመጡት ነው። ዊሊያምስ ራሱ ጥቁር ሆኖ ሳለ ተመልካቹ የለመደውን መልክ ለብሶ ይወጣ ነበር። በቀልዶቹም ውስጥ ዛሬ ጆሮ የሚከብዱ ቃላት አሉ። ይህን ሁሉ እንዳለ ማቅረብ ስድብን መድገም ይሆናል። ሁሉንም አጥቦ ማቅረብ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ምን ተሸክመው እንዳሳቁ ይደብቃል። የሚሻለው መንገድ ፊት ማጥቆሩን ጨርሶ መተው፣ ቀልዱን መምረጥ፣ ስለተተወው ነገር ግን ከትርዒቱ በፊት ለተመልካች በግልጽ መናገር ነው።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። እጅ መቁረጥ በቀድሞ ዘመን በአገራችን ከነበሩ ቅጣቶች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ደራሲዎቹ ከባዶ አልፈጠሩትም። ነገር ግን የአንድን አገር ፍትሕ በዚያ ቅጣት ብቻ ያየ ተመልካች የተሳሳተ ሥዕል ይዞ ይሄዳል። የምኒልክ ዘመን ዳኝነት አፈ ንጉሥ ነበረው፣ ሽማግሌ ነበረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክርክር ነበረው።

እኛ ብንሠራው

ልጆቻችን ከአገር ውጭ ሲያድጉ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ሌላ ሰው ሲናገር ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኛ ስለ አገራችሁ አንድ ነገር ሰምቶ ሲስቅ ዝም ማለት ይከብዳል፤ መቆጣትም ሁልጊዜ አይረዳም። «አቢሲኒያ»ን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። እነሱ የመረጡት መልስ የራሳቸውን መድረክ መሥራት ነው። እነሱ ግን ኢትዮጵያን ከሩቅ ነው ያዩዋት፤ እኛ ከቅርብ ልንሞላላቸው የምንችለው ብዙ ነገር አለ።

ሙሉውን ትርዒት ለመሥራት አቅም አያስፈልገንም። የፍርድ ቤቱን ትዕይንት ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ሊያዘጋጀው ይችላል። ሦስት ለውጦችን ብናደርግ ትዕይንቱ የበለጠ እውነተኛም የበለጠ አስቂኝም ይሆናል።

የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። በ1906 ኢትዮጵያውያኑ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነበር። በእኛ መድረክ ኢትዮጵያውያኑ አማርኛ ይናገሩ፤ የካንሳሶቹ እንግዶች በእንግሊዝኛ ወይም በምንኖርበት አገር ቋንቋ ይናገሩ። ገበያ ውስጥ ሳይግባቡ የሚቀሩበት ትዕይንት ብዙ ቃል ሳያስፈልገው ያስቃል፤ ስርቆት የተባለውም አለመግባባት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው የደወሉ ጉዳይ ነው። በአገራችን የንጉሥ ቃል የሚታወጀው ነጋሪት ተጎስሞ ነው። ጄንኪንስ የሚቆጥረው የደወል ምት የነጋሪት ጉሰማ ይሁን። ከበሮ የሚመታ ተማሪ ያለበት ትምህርት ቤት ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ሙግቱ ነው። የቀድሞው ተሟጋች ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ «ተጠየቅ!» ሲል ባላጋራው «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። ነገሩን በስንኝና በምሳሌ ያሳምራል፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል። ተሰብሳቢውም በሚያምረው ነገር ይስቃል፣ ያደንቃል። ይህ ራሱ ግማሽ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ነው። ሎተሪ የደረሰው ጆንሰን በበቅሎ ፋንታ የሎተሪውን ገንዘብ እየተወራረደ ሲከስር ማየት ለሁለቱም ወገን ሳቅ ይሆናል። በዚህ ላይ ተሟጋች ሲናገር የሰሙ ወይም ከአባቶቻቸው የተረከላቸው አያቶች ልጆቹን ቢያለማምዱ፣ ወላጆችም የልምምዱ ባለድርሻ ይሆናሉ።

ይህን የሚያነብ የድራማ ክበብ አባል መጀመር የሚችለው ዛሬ ነው። ቤት ውስጥ ያሉ ታላላቆችን ስለ ተጠየቅ ሙግት ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁን በጽሑፍ ወይም በስልክ ቅረጹ። የሙዚቃ መምህራችሁን ከ1906 ዘፈኖች አንዱን በፒያኖ እንዲያሰሟችሁ ጠይቁ፤ ክራርና ማሲንቆ ቢገቡበት እንዴት እንደሚሆን ሞክሩ። የታሪክ መምህራችሁን ደግሞ ምኒልክን የሚጫወተው ልጅ ምን መልበስ፣ እንዴት መቀመጥ፣ ሰውን እንዴት ማናገር እንዳለበት አማክሩ። እነዚህ ሦስቱ ከተሠሩ የትዕይንቱ ግማሽ ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ የቀረው የልምምድ ሰዓትና አዳራሹን የሚከፍትልን ሰው ነው።